ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አራት ኪሎ፦ በባዶ ሰማይ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ታሪክ

ኤሌክትሪክ በባዶ ሥፍራ ያልፋልን? ይህ ጥያቄ የፊዚክስ ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያመራምር ኖሯል። አየሩ ተጠርጎ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ቢቆሙ በመካከላቸው ጅረቱን የሚሸከም ነገር የለምና መንገዱ የተዘጋ ይመስላል። ሆኖም ቮልቴጁ ከፍ ሲል በአሉታዊው ብረት ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ትግላለች፤ ብረቱ ይተናል፤ ተኑም ራሱ ለጅረቱ ድልድይ ይሆናል። በያጆች በየቀኑ በጥቁር መነጽር የሚያዩት ዓይነት ቅስት በባዶው መካከል ይበራል። እንግዲህ ቅስቱ የሚነድደው ባዶው ባዶ መሆኑ ሲቀር ነው ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የላቦራቶሪውን ቅስት አይደለም። ከዚያው ጥያቄ የሚመነጨውን፣ ነገር ግን የሰው እጅ ያልሠራውን ታላቅ የሰማይ ጅረት ነው። ከምድር በላይ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት እኛ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች ስለሆነ ሥፍራው ባዶ ቢባል አያስነቅፍም። የፀሐይ ጨረር ግን ቀን ቀን ያንኑ ጥቂት አየር እየሰነጠቀ ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያወጣል። ከዚህም የተነሣ በመግነጢስ ወገብ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጎርፍ የኤሌክትሪክ ወንዝ አለ። የመግነጢስ ወገብ ከምድር ወገብ ጋር አንድ አይደለም፤ በአፍሪካ ምድር ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ አገራችንን ያቋርጣል። አዲስ አበባም ከሥሩ ናት። የዚህ ጅረት ጥናት ታሪክ በሁለት ሠፈሮች መካከል የተዘረጋ ነው፤ አንደኛው ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ሁለተኛው አራት ኪሎ ነው። የሁለቱን ዝምድና የሚያወሳ ጽሑፍ በራሳችን ቋንቋ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ ነው ብዕር ያነሣነው። (በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሌክሳንድሪያ ወደብ ቆሞ ወንዙን አሻግሮ የሚመለከት ሰው በማዶ የባሕር ኃይሉን የምርምር ላቦራቶሪ ያያል። ይህ ተቋም ሥራ የጀመረው በ1923 ነው። በ1925 ግሪጎሪ ብራይትና መርል ቲውቭ የተባሉ ሁለት ወጣት ፊዚሲስቶች ከዚያ ጣቢያ የተቆራረጠ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ እንዲላክ አድርገው፣ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በዋሽንግተን ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በካርኔጊ ተቋም የምድር መግነጢስ ክፍል መልሱን አዳመጡ። አንዱ ሞገድ ሁለት ሆኖ ተሰማ፤ ቀዳሚው ምድር ለምድር የመጣው ሲሆን ዘግይቶ የደረሰው ከሰማይ ተንጸባርቆ የተመለሰ ነበር። ከመዘግየቱ መጠን ተነሥተው የሚያንጸባርቀውን ንጣፍ ከፍታ ሊለኩ ቻሉ። ቀደም ሲል በግምትና በተዘዋዋሪ ማስረጃ ይነገርለት የነበረው አዮኖስፌር በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ በማሚቶ ተለካ ማለት ነው።

ይኸው የካርኔጊ ክፍል በ1922 በፔሩ ተራሮች፣ ሁዋንካዮ በተባለ ሥፍራ የመግነጢስ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። ሁዋንካዮ ከመግነጢስ ወገብ አጠገብ ትገኛለች። በዚያ የተተከለው መሣሪያ በየዕለቱ እኩለ ቀን ሲቃረብ የምድር መግነጢስ አግድም ኃይል በሌላ ሥፍራ ከሚታየው ከእጥፍ በላይ ከፍ እንደሚል መዘገበ። ለምን? ለዓመታት አጥጋቢ መልስ አልተገኘለትም። ከላይ ጅረት አለ የሚሉ ነበሩ፤ ጅረቱ በየትኛው ከፍታ እንደሚፈስ ግን ከምድር ላይ ሆኖ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር። አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ማየት ነበረበት።

የወጡትም ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ1942 መርል ቲውቭ የሚመሩት የጦርነት ጊዜ ምርምር ከካርኔጊ ግቢ ስለሰፋ፣ በጆርጂያ ጎዳና ላይ መኪና ይሸጥበት በነበረ ጋራዥ ውስጥ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባር ፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቋቋመ። በዚያ ጋራዥ የተሠራው ዒላማው ሲቀርብ በራሱ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ፈንጂ ነበር፤ ከመድፍ አፍ ሲወጣ የሚደርስበትን፣ የምድርን ስበት ሃያ ሺህ እጥፍ የሚያህል ግፊት የሚቋቋም የቫክዩም አምፖል በውስጡ ይዞ ነበር። ዛሬ በጆርጂያ ጎዳና ላይ በእንጀራ መሸጫውና በቡና ቤቱ በኩል የሚመላለሰው ወገናችን ይህን ጎረቤት የሚያውቅ አይመስለንም። ላቦራቶሪው ከ1954 ጀምሮ ወደ ላውረል ስለተዛወረ ባያውቅም አይፈረድበትም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጄምስ ቫን አለን የተባሉት ሊቅ በዚሁ ላቦራቶሪ የላይኛውን አየር የሚያጠና ቡድን መሩ። በማርች 1949 ኖርተን ሳውንድ ከተባለው መርከብ ላይ፣ ከፔሩ ባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ ኤሮቢ የተባሉ ሮኬቶች ወደ ሰማይ ተላኩ። ሮኬቶቹ የማግኔት መለኪያ ይዘው ነበር። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ንባቡ በድንገት ተለወጠ፤ ሮኬቱ የጅረቱን ወለል ሰንጥቆ አልፏል ማለት ነው። ይህን በ1951 ለኅትመት ያበቁት ሦስት ሰዎች፣ ሲንገር ከጆርጂያ ጎዳናው ላቦራቶሪ፣ ሜፕልና ቦውን ደግሞ በዚያው በሲልቨር ስፕሪንግ ዋይት ኦክ ከተባለው የባሕር ኃይል የመሣሪያ ላቦራቶሪ ነበሩ። በዚያው ዓመት ብሪታንያዊው ሲድኒ ቻፕማን ጅረቱን ኤሌክትሮጄት ብለው ሰየሙት። እኛ በዚህ ጽሑፍ የወገብ ጅረት እንለዋለን፤ «ኮረንቲ» የሚለውን የቤታችንን ቃል ያልተጠቀምንበት በግድግዳ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ብቻ ስለሚያስታውስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስብሰባ ደረስን። ስብሰባ ማለት ከተቻለ ነው። ዐውደ ጥናት ሲባል አዳራሽ፣ መርሐ ግብርና የተባዛ ወረቀት ወደሚታየን ለእኛ፣ በኤፕሪል 5 ቀን 1950 (መጋቢት 27 ቀን 1942 ዓ.ም.) ማታ በሲልቨር ስፕሪንግ የሆነው ነገር ቢበዛ የቤት ግብዣ ይመስለናል። ቻፕማን ለጉብኝት ዋሽንግተን መጥተው ነበርና ቫን አለን እርሳቸውንና ጥቂት ሊቃውንትን ወደ ቤታቸው ራት ጠሩ። ሎይድ በርክነር ነበሩ፤ ከካርኔጊው ክፍል ኧርነስት ቬስቲን ነበሩ፤ ሲንገርና ዋላስ ጆይስም ነበሩ። ባለቤታቸው አቢጌል ራቱን ሠርተው የቸኮሌት ኬክ አቀረቡ። ከማዕዱ በኋላ በርክነር አንድ ሐሳብ ሰነዘሩ፦ በ1882–83ና በ1932–33 መንግሥታት ተባብረው የምድር ዋልታዎችን ያጠኑባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ሦስተኛውን ሌላ ሃምሳ ዓመት ከምንጠብቅ በሃያ አምስተኛው ዓመት ለምን አናደርገውም? ቻፕማን ወዲያው ተቀበሉት፤ 1957–58 የፀሐይ እንቅስቃሴ እጅግ የሚያይልበት ጊዜ እንደሚሆንም አመለከቱ።

ሐሳቡ ከዋልታ ወደ መላው ምድር ሰፋና ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተባለ። ከጁላይ 1 ቀን 1957 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1958 ስድሳ ሰባት አገሮች ተካፈሉበት። የዝግጅት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ቻፕማን ነበሩ። ስለ ሮኬትና ሰው ሠራሽ ሳተላይት የተጠራው ጉባኤ ዋሽንግተን ላይ ሊያበቃ ሲል፣ በኦክቶበር 4 ማታ ሊቃውንቱ በ16ኛው መንገድ በሶቪየት ኤምባሲ ግብዣ ላይ ሳሉ የስፑትኒክ ወሬ ደረሰ፤ በርክነር አጨብጭበው ዝምታ ካሰፈኑ በኋላ ለተጋባዦቹ አበሠሩ። የታሪክ መጻሕፍት ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ሳተላይት ብቻ መተረክ ይቀናቸዋል። እኛ ግን ወደ ምድር እንመለስ፤ የጂኦፊዚክሱ ዓመት ብዙ ሥራ የተሠራው ወረቀት በየቀኑ በሚለወጥባቸው ትናንሽ ጣቢያዎች ነበርና።

ከእነዚህ አንዱ አዲስ አበባ ነበር። ቻፕማንና ባልደረቦቻቸው የወገቡን ጅረት በዓለም ዙሪያ ለመከተል ሲነሡ፣ በመግነጢስ ወገብ ላይ ያለ፣ ቋሚ የትምህርት ተቋም ያለበት የአፍሪካ ከተማ ይፈለግ ነበር። ያ የሲልቨር ስፕሪንግ ራት በተበላበት ዓመት፣ በ1950፣ በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉስየን ማት ይመራ ነበር። ከባልደረቦቻቸው አንዱ የሆኑት አባ ፒየር ጉዊን በ1957 የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ፤ የመግነጢስ መዝገቡም ከ1958 መጀመሪያ አንሥቶ ይቆጠራል። በዓለም ዘንድ ጣቢያው የሚታወቅበት ምልክት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ እስከ ዛሬም አልተለወጡም።

ጅረቱ በወገብ ላይ ለምን እንደሚያይል ባጭሩ እናስረዳ፤ ያለዚህ የአዲስ አበባ ግኝት ትርጉም አይገለጥም። ቀን ቀን የላይኛው አየር በፀሐይ ሙቀት ይነፍሳል፤ የተሞላውን አየር በምድር መግነጢስ መካከል ሲገፋው እንደ ዲናሞ ይሆንና ወደ ምሥራቅ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራል። በወገብ ላይ የመግነጢሱ መሥመር ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድሟል። በዚህም ምክንያት ኤሌክትሮኖች ወደ ላይ መሸሽ ይሻሉ፤ ነገር ግን ከበላይና ከበታች ያለው ንጣፍ አያሳልፋቸውም። ማለፍ ያቃተው ሙሌት ከላይና ከታች ይከማቻል፤ ክምችቱም በተራው ሌላ ብርቱ ኃይል ወልዶ የመጀመሪያውን የምሥራቅ ጅረት በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ጎርፍ በጠባብ ገደል ሲገባ እንደሚፈጥን ማለት ነው። ገደሉ በሰሜንና በደቡብ ሦስት ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ይሰፋል። ከሥሩ የቆመ መሣሪያ ጅረቱን አያይም፤ የሚያየው በእኩለ ቀን ከፍ የሚለውን የመግነጢስ ኃይል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጅረቱ ይከስማል፤ መሥመሩም ወደ ሌሊቱ እርከን ይወርዳል።

ሕጉ ይህ ነበር። አባ ጉዊን ግን በአዲስ አበባው መዝገብ ላይ ሕጉን የሚጥሱ ቀናት አስተዋሉ። የመግነጢስ ማዕበል በሌለበት ጸጥተኛ ቀን፣ ፀሐይ ገና በሰማይ ሳለች፣ መሥመሩ ከሌሊቱ እርከን በታች ይሰጥማል። ይህ ከሆነ ጅረቱ ደክሞ ሳይሆን ተገልብጦ ወደ ምዕራብ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በ1962 በእንግሊዙ ኔቸር መጽሔት ላይ በአዲስ አበባ ስለታየው የዕለታዊ ለውጥ መገልበጥ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ከሌላው ኢየሱሳዊ ሊቅ ከፈረንሳዊው ከፒየር ኖኤል ማዮ ጋር ሆነው ነገሩን በፈረንሳይኛ አብራርተው ስም ሰጡት፦ ተቃራኒው የወገብ ጅረት። «ሊኖር ይችላል» የሚል ጥንቃቄ በርዕሱ ውስጥ አለ። ቆይቶ በሕንድም በፔሩም በሌላውም የወገብ ጣቢያ ተረጋገጠ፤ ዛሬ ስለ ላይኛው አየር የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ የሚያነሣው ጉዳይ ነው። በላይኛው አየር ውስጥ የሚመላለሱት የፀሐይና የጨረቃ ማዕበሎች ሚዛን ሲለወጥ ጅረቱ እንደሚገለበጥ ታውቋል። በሰሜን ዋልታ በክረምት የሚከሰት የድንገተኛ ሙቀት ለውጥ የአዲስ አበባን ቀትር ሲያናውጥ መታየቱም ተመዝግቧል።

ለመሆኑ ይህ ግኝት የማን ነው? ሁለት ዓይነት ቀላል መልስ እንሰማለን ብለን እንገምታለን። አንዱ የባዕድ ቄስ ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ብሎ ይፎክርበታል። ሁለቱም አያረኩንም። ሐሳቡ በሲልቨር ስፕሪንግ የተጠነሰሰ፣ መሣሪያው ከውጭ የመጣ፣ በ1962ቱ ጽሑፍ ላይ በደራሲነት የሰፈረው ስም የጉዊን ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የተገለበጠ መሥመር በአንድ ሮኬት ጉዞ አይታይም፤ ለጥቂት ወራት የመጣ ጎብኚም አያየውም። የሚታየው ዓመት ከዓመት በዓል ሳይባል፣ ክረምት ሳይባል፣ መብራት ሲጠፋም ቢሆን መዝገቡ እንዳይቋረጥ በሚደክም ሰው ነው። በዚያ ዘመን እንደነበሩት መሣሪያዎች ሁሉ ወረቀቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ይለወጥ፣ ይታጠብ፣ ይለካ ነበር። ይህ የማያቋርጥ ድካም በደራሲ ስም ባይጻፍም የግኝቱ ግማሽ ነው እንላለን። ሌላውን ግማሽ አባ ጉዊን ጨመሩበት፤ ሌላው ስህተት ነው ብሎ ሊጥለው የሚችለውን ቀን እርሳቸው አልጣሉትም።

ከሰማያችን ተጠቃሚ የነበረው ይህ ጣቢያ ብቻ አልነበረም። በአስመራ ከ1943 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ በ1953 ውል ቃኘው ተብሎ ጸና፤ በ1977 ተዘጋ። ጣቢያውን ይመራ የነበረው የጦሩ የጥበቃ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከአሌክሳንድሪያ ብዙም በማይርቀው አርሊንግተን ሆል ነበር። አስመራ የተመረጠችው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በወገብ አካባቢ ያለው አዮኖስፌር ከወቅት ወቅት እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ ከፍታዋም ለሬዲዮ ስለሚመች ነው። አንድ ሰማይ በሁለት መንገድ ተነበበ፦ አስመራ የተሰማው በምሥጢር ሲያዝ፣ አራት ኪሎ የተለካው ለሁሉ ተሰጠ። የጂኦፊዚክሱ ዓመት ደንብ እያንዳንዱ ጣቢያ የመዝገቡን ቅጂ ለዓለም የመረጃ ማዕከላት እንዲልክ ያዝዝ ነበርና። የአሜሪካው ማዕከል አስተባባሪ ቢሮ በዋሽንግተን የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ውስጥ ሲሆን፣ ሶቪየቶች ሌላ ማዕከል ነበራቸው። የቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ወቅት የአራት ኪሎ መሥመር ለሁለቱም ወገን ክፍት ነበር። የዛሬ ስደተኛ ምሁር በየመጽሐፍ ቤቱ የአገሩን ሰነድ ፍለጋ ሲባዝን፣ የአገሩ ሰማይ መዝገብ ከእርሱ ቀድሞ ወደ ዋሽንግተን ተሰድዶ እንደነበር ቢያውቅ ሳይገርመው አይቀርም።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቻችን አንድ ወቀሳ አለን። የአራት ኪሎን ታሪክ እኛ ስደተኞቹ ደጋግመን ጽፈነዋል፦ የ1960ው የታኅሣሥ ግርግር፣ የ1965ቱ «መሬት ለአራሹ» ሰልፍ፣ የ1974ቱ አብዮት። ከጻፍነው ውስጥ ግን ግቢው የመፈክር እንጂ የምርምር ሥፍራ አይመስልም። የ1962ቱ ጽሑፍ በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ ክስተቶች መካከል መውጣቱን፣ ተማሪው በአደባባይ ሲጮኽ መርፌው በዚያው ግቢ ዝም ብሎ መጻፉን የሚያነሣ የለም። ይህን የምንለው ሰልፉን ለማሳነስ አይደለም። ለትግሉ የሞቱትን ስም ያስቀመጥን ሰዎች፣ ከፖለቲካው ውጭ የደከሙትን ስም ሳንጽፍ ማለፋችን በምሁርነት ላይ ያለንን አስተያየት ስላጠበበው ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሚቆመውና የማይቆመው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ መዝገብ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይቸግራል።

ጣቢያው በመግነጢስ ብቻ አልተወሰነም። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ስትናወጥና ማጀቴ ክፉኛ ስትጎዳ፣ በ1969 ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ስትፈርስ መረጃው የተጠናቀረው በዚሁ ነው። አባ ጉዊን በ1979 በኦታዋ ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዜና መዋዕልንና የመንገደኞችን ማስታወሻ ከመሣሪያ ንባብ ጋር ያገናዘበ ነው፤ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ቢያነብበው ይጠቀማል። ከእርሳቸው በኋላ ኦብዘርቫቶሪውን ለረጅም ዘመን ዶክተር ላእከ ማርያም አስፋው መሩት። ዛሬ ተቋሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት ይባላል።

የወገቡ ጅረት ጥናትም አልቆመም፤ ጥቅሙም ከንድፈ ሐሳብ አልፏል። ጅረቱን የሚነዳው ኃይል የተሞላውን አየር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ አየር ሲበጠበጥ የሳተላይት መልእክትና የአቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ይታወካል። ይህን ለመከታተል አንድ ጣቢያ አይበቃም፤ አንዱ ከጅረቱ ሥር፣ ሌላው ከጅረቱ ውጭ ሆነው ልዩነታቸው መሰላት አለበት። በአሜሪካ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊ ፊዚሲስት እንዳወቀ ይዘንጋው ከባልደረቦቻቸው ጋር በአፍሪካ የዘረጉት የማግኔት መለኪያዎች ሰንሰለት በአዲግራት ጣቢያ ነበረው፤ አዲግራት ከአዲስ አበባ ጋር ተጣምራ የጅረቱን ኃይል ለመለካት አገልግላለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ የሚያጠና ዋሸራ የተባለ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል።

የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤቱ በዋሽንግተን ነው። ይህ ኅብረት በየጊዜው የሚያዘጋጃቸውን ትናንሽ ልዩ ጉባኤዎች በሲልቨር ስፕሪንጉ እንግዳ በሲድኒ ቻፕማን ስም ይጠራቸዋል። በኖቬምበር 2012 ከእነዚህ አንዱ፣ የሕዋ አየር ጠባይ ከኬንትሮስ ኬንትሮስ እንዴት እንደሚለያይ የመከረው፣ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ጉባኤው የወለደው መጽሐፍ በ2016 ሲታተም ከአራቱ አዘጋጆች አንዱ እንዳወቀ ይዘንጋው ነበሩ።